ነጋድራስ ኃይለ ጊዮርጊስ ወልደ ሚካኤል፦ ከገበያ ሹመት ወደ ሚኒስትርነት

በወልድያ ከተማም ሆነ በሐብሩ ወረዳ በመርሳ የሚሠራ ነጋዴ ፈቃዱን ከንግድ ጽሕፈት ቤት ያወጣል፤ ግብሩን ለገቢዎች ይከፍላል፤ ክርክር ሲገጥመው ወደ ፍርድ ቤት ይሄዳል። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ግን የእነዚህ ጉዳዮች አብዛኛው ክፍል በአንድ ሹም እጅ ነበር። ሹሙም ነጋድራስ ይባል ነበር።

ነጋድራስ ማለት የነጋዴዎች አለቃ ማለት ነው። ጥንት ሲራራ ነጋዴዎችን እየመራ፣ ስለ ደኅንነታቸውና ስለ ኬላ ቀረጥ ከየአገሩ ገዥ ጋር የሚነጋገር፣ ራሱም የሚነግድ ሰው ነበር። እየቆየ ማዕረጉ ቀረጥ የመሰብሰብና ነጋዴን የመዳኘት የመንግሥት ሹመት ሆነ። ለነጋዴ ሰው ወደ አስተዳደር የሚያስገባው ዋናው በርም ይኸው ነበር።

ከባለ ማዕረጎቹ እጅግ የታወቁት የአዲስ አበባው ነጋድራስ ኃይለ ጊዮርጊስ ወልደ ሚካኤል ናቸው። ከዐድዋ ድል በኋላ የውጭ መንግሥታት ሌጋሲዮኖች በከተማዋ ተከፈቱ፤ የግሪክ፣ የአርመንና የሕንድ ነጋዴዎችም በረከቱ። የምድር ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ሲደርስ የገቢና የወጪ ንግዱ ይበልጥ ሰፋ። ገበያውን የሚቆጣጠሩት፣ ቀረጡን የሚያስከፍሉትና በኢትዮጵያውያንና በውጭ ዜጎች መካከል የሚነሣውን ክርክር የሚያዩት ነጋድራሱ ስለ ነበሩ፣ ሥልጣናቸው ከከተማ ከንቲባ የሚተናነስ አልነበረም።

በጥቅምት 1900 ዓ.ም. ምኒልክ የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች ሲሾሙ፣ ኃይለ ጊዮርጊስ የንግድና የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆኑ። አዲሱ የሚኒስትሮች ሥርዐት ነባሩን ሹመት አላፈረሰም፤ በላዩ ተመሠረተ እንጂ። በዚያው ዓመት በጥር ወር ከፈረንሳይ ጋር የንግድ ውል ተፈረመ፤ ውሉም የቀረጥን መጠንና የውጭ ዜጎችን ክርክር አዳኘት ወሰነ። ኃይለ ጊዮርጊስ በልጅ ኢያሱ ዘመን የቢትወደድነት ማዕረግ አግኝተው ከመንግሥቱ ዋና ዋና ባለሥልጣኖች አንዱ ሆኑ።

የነጋድራስነት ታሪክ ሁለት ገጽታ አለው። ሹሙ ንግድን ስለሚያውቅ ጉዳይ በቶሎ ይፈጸም ነበር። ቀረጥ አስከፋዩ ዳኛም በሆነበት ስፍራ ግን፣ ያላግባብ ተከፈልኩ የሚል ነጋዴ አቤቱታውን የሚያቀርበው ለዚያው ላስከፈለው ሰው ነበር። ዛሬ ፈቃድ ሰጪው፣ ግብር ሰብሳቢውና ዳኛው የተለያዩ መሥሪያ ቤቶች ናቸው። ስለዚህ ተገልጋይ ለከፈለው ሁሉ ደረሰኝ መቀበልና ቅሬታውን በጽሑፍ ማቅረብ መብቱ መሆኑን ይወቅ።