የብራውኒንግ ሽጉጥና የግራኝ እጅ

ለዛሬ ስለ አንድ ስመ ጥር የዲዛይን ሰው ሕይወት ላወጋችሁ ነው። ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር ልናገር፤ እኔ ግራኝ ነኝ። ልጅ ሆኜ ግራ እጄን ወደ ገበታ ስዘረጋ ስንት ጊዜ እንደተመታሁ አልቆጥረውም። ክፍል ውስጥ ያሉት አርምቼሮች መጻፊያቸው በቀኝ በኩል ስለሆነ፣ እስከ ዛሬ ኖት የምይዘው ወገቤን ጠምዝዤ ነው። ይሄ ቢበዛ ወገብ ያሳምማል እንጂ ሰው አይገድልም። የአንድ ዕቃ መቆጣጠሪያ በየትኛው ጎን መቀመጡ የሕይወትና የሞት ጉዳይ የሚሆንበትን ምሳሌ ስፈልግ ግን ያገኘሁት ጆን ሞዝስ ብራውኒንግን ነው።

ብራውኒንግ እ.ኤ.አ. በ1855 በአሜሪካ፣ ዩታ ውስጥ ኦግደን በምትባል ከተማ ተወለደ። አባቱ ጆናታን ጠመንጃ ሠሪ ስለነበር ልጁ ያደገው ወርክሾፕ ውስጥ ብረት ሲሞረድ እያየ ነው። ኢንጂነሪንግ ኮሌጅ ገብቶ አልተማረም። ሐሳብ ሲመጣለት ድሮዊንግ ላይ ብዙ አይቆይም፤ ቀጥታ ብረቱን ይዞ ሞዴሉን ይሠራል። የመጀመሪያ ፓተንቱን በ1879 አገኘ፤ አንድ ጥይት ብቻ የሚጎርስ ጠመንጃ ነበር። በ1883 ዊንቸስተር የተባለው ኩባንያ ያንን ዲዛይን በ8,000 ዶላር ገዛው። ከዚያ በኋላ ለዓመታት ብዙ የጠመንጃ ዲዛይኖቹን ለዊንቸስተር ሲሸጥ ኖረ።

በ1902 ግን ተለያዩ። ብራውኒንግ አዲሱን አውቶማቲክ የአደን ጠመንጃውን አንዴ ሸጦ ከመገላገል ይልቅ ከእያንዳንዱ ሽያጭ ድርሻ ይከፈለኝ አለ፤ ኩባንያው እምቢ አለ። እሱም ዲዛይኑን ይዞ ቤልጂየም ወደሚገኘው ኤፍኤን ፋብሪካ ሄደ። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ሽጉጦቹን ኮልት ያመርታቸው ነበር። ሰውየው በሕይወት ዘመኑ 128 ፓተንት አስመዝግቧል።

ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። የአሜሪካ ጦር በመጋቢት 1911 የብራውኒንግን ሽጉጥ ተቀበለ። በፈተናው ላይ 6,000 ጥይት ተተኩሶበት አንዴም አልነከሰም። ይህ ኤም 1911 የተባለው ሽጉጥ ሳይታሰብ እንዳይተኩስ የሚከላከሉ ሁለት ሴፍቲዎች አሉት። አንደኛው ከእጀታው ጀርባ ያለ ተጫኝ ብረት ነው፤ ሽጉጡን በመዳፋችሁ አጥብቃችሁ ካልያዛችሁት ቃታው አይሠራም። ልብ በሉ፣ ይህ ብረት ቀኝ ይሁን ግራ አይጠይቅም፤ መዳፍ ከሆነ ይበቃዋል።

ሁለተኛው በአውራ ጣት የሚንቀሳቀስ ሌቨር ነው። እሱ በመጀመሪያው ሐሳብ ውስጥ አልነበረም፤ ሽጉጡ ሊያልቅ ሲል በጦሩ ጥያቄ የተጨመረ ነው። ምክንያቱ ፈረስ ነው። ፈረሰኛው ልጓሙን በግራ፣ ሽጉጡን በቀኝ ይዟል። መዶሻው ተነስቶ ሳለ ፈረሱ ቢበረግግስ? በያዘበት በአንዱ እጅ ብቻ መቆለፍ መቻል አለበት። ስለዚህ ሌቨሩ የቀኝ እጅ አውራ ጣት በሚያርፍበት በግራው ጎን ተተከለ፤ ወደ ላይ ሲገፋ ይቆልፋል፣ ወደ ታች ሲጫን ይለቃል። ለዚያ ፈረሰኛ ከዚህ የተሻለ ቦታ አልነበረም።

ግራኙስ? ሽጉጡን በግራ እጅ ስትይዙት አውራ ጣታችሁ በቀኙ ጎን ያርፋል፤ እዚያ ደግሞ ምንም የለም። ሌቨሩን ለማግኘት ወይ አያያዛችሁን መቀየር፣ ወይ ሌላኛውን እጅ መጨመር፣ ወይም ቃታ የሚስበውን ጣት ወደ ኋላ አጥፎ መጠቀም ሊኖርባችሁ ነው። ሦስቱም ጊዜ ይፈጃሉ። የከፋው ግን ሌላ ነው፦ ለመቆለፍ የሚያስቸግር ሴፍቲ ሳይቆለፍ ይቀራል። እንዲከላከል የተሠራው ዕቃ ከአሥር ሰው ለአንዱ ገደማ አይከላከልም ማለት ነው።

ብራውኒንግ ይህን ሲያስተካክል ለማየት ዕድሜ አልሰጠውም። በኅዳር 1926 ቤልጂየም ውስጥ እዚያው ፋብሪካ እያለ በልብ ድካም በ71 ዓመቱ አረፈ። ጀምሮት የነበረውን ሽጉጥ የኤፍኤኑ ዲዩዶኔ ሴቭ ጨርሶ በ1935 አወጣው። የእሱም ሌቨር በግራ ጎን ብቻ ነበር። ኤም 1911 ራሱ የጦሩ መደበኛ ሽጉጥ ሆኖ እስከ 1985 ድረስ ሲያገለግል ፈረሱ ከጦር ሜዳ ከወጣ ቆይቷል፤ ሌቨሩ ግን ከፈረሰኛው አውራ ጣት ሥር ንቅንቅ አላለም።

መፍትሔው ታዲያ ከባድ አይደለም። ሁለተኛ ሌቨር በቀኝ ጎን ይጨመራል፤ የሁለቱ ዘንጎች ሽጉጡ ውስጥ ይገናኛሉ፤ የአንዱ ጫፍ እንደ ምላስ ሆኖ ሌላው ላይ ባለ ስንጥቅ ውስጥ ይገባል። አንዱ ሲዞር ሌላውም ይዞራል። በ1980ዎቹ የሴቭ ሽጉጥ በሁለቱም ጎን ሌቨር ይዞ መጣ፤ በ1985 ኤም 1911ን የተካው ቤሬታም እንደዚያው። በነጻ ግን አይገኝም። መጋጠሚያው ቀስ በቀስ ይላላል፤ ወደ ውጭ የወጣው ሌቨርም ሰው በወገቡ ታጥቆት ሲሄድ ተነክቶ ሊለቅ ይችላል። ግሎክ ደግሞ ከ1982 ጀምሮ የጣት ሌቨሩን ጨርሶ ትቶ ሴፍቲውን ቃታው ላይ አደረገው። የብራውኒንግ የእጀታ ሴፍቲ እንዳደረገው፣ ይሄም የትኛው እጅ ነህ ብሎ አይጠይቅም።

እኔ ብራውኒንግን ለመውቀስ አልተነሳሁም። የተጠየቀውን በሚገባ ሠርቷል፤ የተጠየቀው ግን ስለ አንድ እጅ ብቻ ነበር። ባለፈው ሴሚስተር ለፕሮጀክት በእጅ የሚዞር የበቆሎ መፈልፈያ ዲዛይን አድርጌ ነበር። ድሮዊንጉን አስረክቤ ስመለስ ነው ያስተዋልኩት፦ እኔው ግራኙ እጀታውን በቀኝ በኩል ነው የሣልኩት! ማንም አላዘዘኝም፤ ያየሁት ምሳሌ ሁሉ እንደዚያ ስለሆነ እንጂ። ማሽኑ እጀታው በሁለቱም ጎን እንዲገጠም ለማድረግ የሚያስፈልገው ዘንጉን ትንሽ ማስረዘም ብቻ ነበር። ጠይቄ አስተካከልኩት።

እናም ጓደኞቼ፣ እርሳስ ከማንሳታችን በፊት ይህን ዕቃ የሚይዘው የማን እጅ ነው ብለን እንጠይቅ። ቸር እንሰንብት።