ዮና ቦጋለ፦ የወለቃው መምህር

ከጎንደር ከተማ ወጣ ብላ በምትገኘው የወለቃ መንደር እ.ኤ.አ. በ1908 የተወለዱት ዮና ቦጋለ፣ ቤተ እስራኤላውያን ወደ እስራኤል ለሚያደርጉት ጉዞ መንገድ ከጠረጉት ሰዎች መካከል ግንባር ቀደሙ ነበሩ።

ባደጉበት ዘመን ወገኖቻቸው በአብዛኛው ርስት አልነበራቸውም። የሰው መሬት በጭሰኝነት ያርሱ፣ ማረሻና ማጭድ ይቀጠቅጡ፣ ሸማ ይሸምኑ፣ ምጣድና እንስራ ይሠሩ ነበር። ጎረቤት ገበሬ ያለ ቀጥቃጩ ብረት ማረስ ባይችልም፣ ቀጥቃጩን በቡዳነት ይጠረጥረው ነበር።

ዮና ገና በልጅነታቸው በምሁሩ ፋይትሎቪች አማካይነት ወደ ውጭ ተልከው በኢየሩሳሌምና በአውሮፓ ተማሩ። ወደ አገራቸው ተመልሰውም በትምህርት ሚኒስቴር አገለገሉ፤ በኋላም በአምቦበርና በአካባቢው ለነበሩት የቤተ እስራኤል ትምህርት ቤቶች ደከሙ።

እስራኤል በ1950 ያወጣችው የመመለሻ ሕግ ለአይሁዳውያን ሁሉ በሯን ከፈተ። በ1948 ወደ 700 ሺህ ገደማ የነበረው የአገሪቱ አይሁዳዊ ሕዝብ፣ ከአውሮፓና ከአረብ አገሮች በጎረፉት መጤዎች ምክንያት በ1951 መጨረሻ እጥፍ ሆነ። ቤተ እስራኤላውያን ግን አይሁድነታቸው አከራካሪ ተደርጎ ከበሩ ውጭ ቀሩ። ዮና ይህ እንዲለወጥ ዓመታት ሙሉ ተሟገቱ።

በ1973 ራቢ ኦቫድያ ዮሴፍ አይሁድነታቸውን አጸደቁ፤ በ1975 መንግሥቱም ሕጉ ለእነርሱ እንዲሠራ ፈቀደ። በዚያው ዓመት በኢትዮጵያ የመሬት ለአራሹ አዋጅ ወጣ። መሬት ያልነበረው ጭሰኛ በአንድ ዓመት ውስጥ በአገሩ ማሳ፣ በባሕር ማዶ ደግሞ በር አገኘ።

ዮና በ1979 ወደ እስራኤል ተሻገሩ። ከ1984 እስከ 1985 በተካሄደው የሙሴ ዘመቻ 8 ሺህ ያህል ሰዎች በሱዳን በኩል ተጓጓዙ፤ በመንገድና በስደተኞች ሰፈር ያለቁት ግን 4 ሺህ እንደሚሆኑ ይገመታል። ብዙ ቤተሰብም ለሁለት ተከፈለ። ዮና በ1987 ሲያርፉ፣ ከ14 ሺህ በላይ ሰዎች በ36 ሰዓት ገደማ ውስጥ የተጓዙበትን የ1991ን የሰሎሞን ዘመቻ ሳያዩ ነው።

ዛሬ በእስራኤል ከ160 ሺህ በላይ ትውልደ ኢትዮጵያውያን ይኖራሉ። በ10 ሚሊዮን ሕዝብ መካከል ቁጥሩ ከመቶ ሁለት እንኳ አይሞላም። ለጎንደር ገጠሮች ግን የሄዱት ቁጥር ብቻ አልነበሩም፤ የማረሻው ቀጥቃጭ፣ የምጣዱ ባለሙያና የዮና ተማሪዎች ነበሩ።