ጆርጅ ካድበሪ፦ ከሠራተኞቹ ጋር በአንድ ሐሳብ የሠራ ነጋዴ

ውድ አንባቢ፣ የካድበሪን ቸኮሌት ቀምሰው ይሆናል። ይህ ስም ከገበያ ሊጠፋ ጥቂት ቀርቶት እንደነበረ ግን ያውቃሉ?

ጆርጅ ካድበሪ በ1839 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) በእንግሊዝ አገር፣ በርሚንግሃም ከተማ፣ ኩዌከር ከሚባሉ ክርስቲያኖች ቤተሰብ ተወለደ። በ1861 ከታላቅ ወንድሙ ከሪቻርድ ጋር የአባታቸውን የካካዎ ሥራ ሲረከቡ ድርጅቱ ሊዘጋ ተቃርቦ ነበር፤ የቀሩት ሠራተኞችም 11 ያህል ብቻ ነበሩ።

ወንድማማቾቹ ከእናታቸው የወረሱትን ገንዘብ ሥራው ላይ አዋሉት። ሪቻርድ ሽያጩን፣ ጆርጅ ምርቱን ያዘ። ዕዳቸውን ሙሉ በሙሉ መክፈል የማይችሉበት ቀን ከመጣ ግን ማንንም ሳይጎዱ በሩን ሊዘጉ ቆርጠው ነበር። ጆርጅ ሻይና ቡና፣ የጠዋት ጋዜጣም ሳይቀር ተወ። የብዙ ዓመት ኪሳራ ያበቃው በ1864 ገደማ ነው።

በዚያን ዘመን ካካዎ ከድንች ዱቄት ጋር ተቀላቅሎ ይሸጥ ነበር። በ1866 ወንድማማቾቹ ከሆላንድ ባመጡት መጭመቂያ ባዕድ ነገር ያልገባበትን ካካዎ አቀረቡ፤ ገበያውም ተከፈተላቸው።

ልብ ይበሉ፤ ድርጅቱን ያሳደገው መሣሪያው ብቻ አይደለም። ጆርጅ ከሠራተኞቹ ጋር ጠዋት ጠዋት መጽሐፍ ቅዱስ ያነብ፣ አብሯቸውም ይጸልይ ነበር። በዚህም ጌታና ሎሌ ሳይባባሉ የሥራውን ዓላማ አብረው ተረዱ። በ1879 ወደ ቦርንቪል ተዛወሩ፤ በ1899 ሠራተኞቹ ከ2,600 በላይ ሆኑ። ሁሉን በስም ማወቅ ሲያዳግት በ1918 የአሠሪና የሠራተኛ ተወካዮች የሚመካከሩበት ሸንጎ ተቋቋመ።

ይሁን እንጂ መግባባቱ ከፋብሪካው አጥር ርቆ አልሄደም ነበር። በ1901 የሳኦ ቶሜ ካካዎ በባርነት እንደሚለቀም ወሬ ደረሳቸው። ግዢውን ያቆሙት ግን በ1909 ነው፤ ስለ መዘግየታቸውም ብዙ ተወቅሰዋል።

ጆርጅ በ1922 አረፈ።

ውድ አንባቢ፣ ምናልባት ሦስት ሰው ቀጥረው ሱቅ ወይም ዳቦ ቤት ይመሩ ይሆናል። ሠራተኞችዎ ሥራው ወዴት እንደሚሄድ፣ ለምንስ እንደዚያ እንደሚሠራ ያውቃሉ? ወይስ የሚያውቁት የደመወዛቸውን ቀን ብቻ ነው? ሦስት ሳሉ ያልተግባቡ ሠላሳ ሲሆኑ ይባስ ይራራቃሉ። እንግዲህ ከማለዳው ጥቂት ደቂቃ ወስደው አብረዋቸው ይቀመጡ፤ ይንገሯቸው፤ ደግሞም ያድምጧቸው።