ያኮቭሌቭና ባለ ሦስት ሞተሯ አውሮፕላን

ሰቆጣን የሚያውቅ አንባቢ ይህን ሰው ለምን እንዳነሣነው አይጠይቀንም። ገደል በበዛበት በዋግ ምድር ለአውሮፕላን የሚሆን ሜዳ ቢገኝ እንኳ አጭር ነው። አሌክሳንድር ያኮቭሌቭ በመጨረሻ ያሰበው ለእንዲህ ያለው ሜዳ ነበር።

በ1906 እ.ኤ.አ. ሞስኮ ተወለደ። በዙኮቭስኪ የአየር ኃይል አካዳሚ ወርክሾፕ ተራ ሠራተኛ ሳለ የነደፋት የመጀመሪያዋ ባለ ሞተር አውሮፕላን በ1927 በረረች፤ በዚያው ዓመት በተማሪነት ተቀበሉት። በጦርነቱ ዘመን የያክ ተዋጊዎች ስሙን አገነኑት። ቱፖሌቭ እስር ላይ ሳለ እርሱ በ1940 የአውሮፕላን ኢንዱስትሪ ምክትል ኮሚሳር ሆነ፤ ይህን ሳናነሣ ብናልፍ ውዳሴ እንጂ ታሪክ አይሆንም።

እኛ የምንወድለት በ1966 የበረረችውን ያክ-40ን ነው። ሣር ላይ ታርፋለች፤ መውረጃ ደረጃዋን በጅራቷ ሥር ይዛ ስለምትዞር መሰላል አትለምንም። በ1968 ኤሮፍሎት ወደ ትንንሽ ከተሞች አሰማራት። እንድትተካ የታሰበችው ሊ-2ን ነበር፤ ይህችውም አየር መንገዳችን በ1946 ሥራ የጀመረባት የዳኮታ የሩስያ እኅት ናት። ነዳጅ አብዝታ መብላቷ ነውሯ ነው። ቢሆንም ከ1,000 በላይ ተሠርታለች።

ያኮቭሌቭ በ1989 ሞተ። የዋግ ተማሪ ግን ዛሬም ለዕረፍት አገሩ የሚገባው በመኪና፣ አቧራ ለብሶ ነው።