ጄምስ ዋትና የአሮጌ መሣሪያ ጥገና

የጄምስ ዋት ስም በተነሣ ቁጥር የሚታወሰው የእንፋሎት ሞተር ነው፤ ይሁን እንጂ ሰውዬው በመሠረቱ ጠጋኝ ነበር ቢባል ከእውነት መራቅ አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ1736 በስኮትላንድ ግሪኖክ ከተማ ተወልዶ፣ የመርከብ ሥራ ባለሙያና ነጋዴ በነበረው አባቱ የሥራ ቤት ከመዶሻና ከሞረድ ጋር አደገ። በ1755 ወደ ለንደን ሄዶ ከአንድ የሂሳብ መሣሪያ ሠሪ ዘንድ አንድ ዓመት ያህል ተለማመደ። የጊዜው ደንብ የሚጠይቀው 7 ዓመት ስለ ነበር፣ ለባለሙያነቱ የሚመሰክርለት የእጁ ሥራ ብቻ ሆነ። በ1756 ለግላስጎ ዩኒቨርሲቲ በኑዛዜ የተሰጡ የሥነ ፈለክ መሣሪያዎች ከጃማይካ በባሕር አየር ተበላሽተው ሲደርሱ፣ አጽድቶና አስተካክሎ 5 ፓውንድ ተከፈለው። በ1757 ዩኒቨርሲቲው በግቢው ውስጥ የሥራ ክፍል ሰጠው።

በ1763 እና በ1764 መካከል በነበረው ክረምት ፕሮፌሰር ጆን አንደርሰን ለማስተማሪያ የሚያገለግል የኒውኮመን ሞተር ሞዴል እንዲጠግን ሰጠው። ሞዴሉ ቀደም ሲል ለጥገና ለንደን ድረስ ተልኮ የነበረ ነው። ሲሊንደሩ 2 ኢንች ስፋትና 6 ኢንች የፒስተን ጉዞ ብቻ ነበረው። ዋት አስተካክሎ ቢያስነሣውም ጥቂት ጊዜ ተመላልሶ ይቆማል፤ ቦይለሩ በቂ መስሎ ሳለ እንፋሎቱ ያልቃል። ሌላ ጠጋኝ ቢሆን ተንቀሳቅሷል ብሎ ሒሳቡን በተቀበለ ነበር። ዋት ግን እንፋሎቱ የት እንደ ገባ መጠየቅ ጀመረ። ውሃ ወደ እንፋሎት ሲለወጥ መጠኑ ወደ 1800 እጥፍ እንደሚያድግ ለካ፤ ሞዴሉ በእያንዳንዱ ምት የሚፈጀው እንፋሎት የሲሊንደሩን ይዘት ብዙ ጊዜ እንደሚያጥፍም አረጋገጠ። ሙቀት በነሐሱ በኩል እንዳይባክን በተልባ ዘይት ተነክሮ የደረቀ የእንጨት ሲሊንደር እስከ መሥራት ደረሰ። ጥፋቱ ከጥገናው ሳይሆን ከአሠራሩ ነበር፤ እንፋሎቱን ወደ ውሃ ለመመለስ በሚረጨው ቀዝቃዛ ውሃ ሲሊንደሩ በየምቱ ይበርዳል፣ የሚቀጥለው እንፋሎትም እርሱን መልሶ በማሞቅ ይባክናል። በ1765 መፍትሔው ተገለጠለት፤ እንፋሎቱ በተለየ ዕቃ ውስጥ ይቀዝቅዝ፣ ሲሊንደሩ ዘወትር እንደ ጋለ ይኑር።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ በሰፊው የታወቀ ነው። በ1769 ፓተንት አወጣ፤ በ1775 ከማቲው ቦልተን ጋር ተሻረከ። ጆን ዊልኪንሰን ለመድፍ ሥራ የፈለሰፈው የመቦርቦሪያ ማሽን ባይኖር፣ እንፋሎት የማያሾልክ ትልቅ ሲሊንደር ማግኘት ባልተቻለ ነበር። ደንበኞች ይከፍሉ የነበረው ከኒውኮመን ሞተር ጋር ሲነጻጸር ከሚቆጠበው የከሰል ዋጋ ሲሶውን ነው።

በ1800 የፓተንቱ ዘመን ሲያበቃ ዋት ከንግዱ ወጣ፤ ከሥራ ጠረጴዛው ግን አልተለየም። በበርሚንግሃም አጠገብ በነበረው በሂዝፊልድ ቤቱ ጣሪያ ሥር ጠባብ ወርክሾፕ አደራጅቶ፣ ሐውልት የሚቀዱ ሁለት ማሽኖች ሠራ፤ አንደኛው በእኩል መጠን፣ ሁለተኛው አሳንሶ የሚቀዳ ነበር። ደንዳና መዳሰሻ በዋናው ቅርጽ ላይ ሲሄድ፣ ተሽከርካሪ መቁረጫ ያንኑ ጉዞ በጥሬው ድንጋይ ላይ ይደግማል። ዝምድናው በቀጥታ ባይመዘዝም፣ በኋለኛው ዘመን ሞዴል እየዳሰሰ የሚቆርጠው የፍሬዛ ማሽን መርሕ ይኸው ነው። ዋት ፓተንት አላወጣበትም፤ በአልባስጥሮስ የቀረጻቸውን ምስሎች ለወዳጆቹ ይሰጥ ነበር።

ሥራው ሁሉ በደስታ የተሠራ አልነበረም። ተስፋ የጣለበት ልጁ ግሬጎሪ በ1804 በ27 ዓመቱ ሞተበት፤ የልጁንም የትምህርት ዕቃ የያዘ ሣጥን በዚያው ክፍል አስቀመጠ።

ዋት በነሐሴ 1819 በ83 ዓመቱ ሲያርፍ ክፍሉ ተዘጋ። በ1924 ከ8000 በላይ የሆኑት ዕቃዎች፣ ማሽኖቹና የግሬጎሪ ሣጥን ጭምር፣ ወደ ለንደን የሳይንስ ሙዚየም ተዛወሩ፤ ቤቱም ከጥቂት ዓመታት በኋላ ፈረሰ። ወርክሾፑ እንደ ነበረ ተደራጅቶ በ2011 ለሕዝብ እንደገና ተከፍቷል።