የቄስ ኦበርሊንና የሕፃናቱ ታሪክ

ቄስ ዣን ፍሬዴሪክ ኦበርሊን እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1740 ዓ.ም. በስትራስቡርግ ከተማ ተወለዱ። ነገረ መለኮትን ተምረው በ1767 ዓ.ም. በቮዥ ተራሮች መካከል ወዳለችው ወደ ቫልደርስባክ ቄስ ኹነው ሄዱ። ደብሪቱ አምስት መንደሮችን የያዘች፥ ምድሯ ድንጋያማ፥ ክረምቷ ረጅም፥ ሕዝቧም ድኻ ነበረች። መንገድም ስላልነበራት ቄሱ ራሳቸው ዶማ ይዘው ከምእመናን ጋራ መንገድ ጠረጉ፤ ድልድይም ሠሩ። ስለዚህ ብዙ ይነገራል፤ እኛ ግን ስለ ሕፃናት ያደረጉት ይበልጣል እንላለን።

አባትና እናት ማለዳ ወደ እርሻ ሲወጡ ታናናሽ ልጆቻቸውን የሚጠብቅላቸው አልነበረም። ሕፃኑ ለትምህርት ቤት ገና ትንሽ ነው፤ ወደ ተራራው ይዞ መውጣትም አይመችም፤ ስለዚህ ቀኑን ሙሉ በደጅ ሲንከራተት ይውል ነበር። በዚያ ወራት ቤልሞን በምትባል መንደር ሣራ ባንዜ የምትባል ልጃገረድ፥ ማንም ሳያዝዛት፥ የጎረቤት ልጆችን ሰብስባ ሹራብ መሥራትን ታስተምር ነበር። አባቷ ግን ይህን አልወደደም። ቄሱም ነገሩን በሰሙ ጊዜ አባቷን አስማምተው፥ ደመወዝ ቈርጠው ሥራዋን እንድትቀጥል አደረጉ። ከዚህ በኋላ በሌሎቹም መንደሮች እንዲሁ ያሉ ሴቶች ተሾሙ። ከፍ ያሉት ልጆች እየሠሩ፥ ታናናሾቹ እየተጫወቱ፥ መዝሙርንና የዕፀዋትን ስም፥ የመጽሐፍ ቅዱስንም ታሪክ በሥዕል ይማሩ ነበር፤ የፈረንሳይንም ቋንቋ በዚያው ለመዱ።

ሣራ በ1774 ዓ.ም. በወጣትነቷ ዐረፈች። ስሟ ከቄሱ ስም ኋላ ተሸሽጎ መቅረቱ ያሳዝናል፤ የሥራው መዠመሪያ እርስዋ ነበረችና።

ሥራውን ካጸኑት መካከል ሉዊዝ ሼፕለር ትገኛለች። በ1763 ዓ.ም. ቤልፎስ ተወልዳ፥ ገና በልጅነቷ በቄሱ ቤት አገልጋይ ኾነች። የቄሱ ባለቤት በ1783 ዓ.ም. ባረፉ ጊዜ እናት የሌላቸውን ልጆች አሳደገች፤ ደመወዝም አልቀበልም፥ እንደ ልጅ ቍጠሩኝ አለች። በበረዶም ወራት ከመንደር ወደ መንደር እየተመላለሰች ሕፃናቱን ትጐበኝ ነበር።

ቄስ ኦበርሊን በ1826 ዓ.ም. ዐርፈው በፉዴ ተቀበሩ። በ1829 ዓ.ም. የፈረንሳይ አካዳሚ ለሉዊዝ 5,000 ፍራንክ ሸለማት። የቄሱ ልጆች ከውርሱ እንደ እኅት ሊያካፍሏት ቢወዱ እምቢ ብላ፥ የኦበርሊንን ስም በስሟ ላይ እንድትጨምር ብቻ ለመነች። በ1837 ዓ.ም. ዐረፈች።