ቀበሮን ያላመዱት ዲሚትሪ ቤልያዬቭ

ዘር ከልጓም ይስባል ይላል የአገራችን ሰው። ብሂሉ ለእንስሳት ጠባይ ምን ያህል እንደሚሠራ በተግባር ፈትሸው ካሳዩ ሳይንቲስቶች አንዱ ሩሲያዊው ዲሚትሪ ቤልያዬቭ ናቸው።

ቤልያዬቭ እ.ኤ.አ. በ1917 በኮስትሮማ ግዛት፣ ፕሮታሶቮ በተባለች መንደር ከገጠር ቄስ ቤተሰብ ተወለዱ። የዘረመል ተመራማሪ የነበሩት ታላቅ ወንድማቸው ኒኮላይ በስታሊን ዘመን፣ በ1937 ታስረው ተገደሉ። ታናሽየው ግን ከዚያ ሙያ አልሸሹም። በኢቫኖቮ የግብርና ኢንስቲትዩት ተምረው በ1938 ከተመረቁ በኋላ፣ ለፀጉራማ ቆዳቸው በሚረቡ እንስሳት ላይ መሥራት ጀመሩ፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነትም ዘመቱ።

በ1948 የሶቪየት መንግሥት የትሮፊም ሊሴንኮን አስተምህሮ ደግፎ የዘረመል ሳይንስን ሲያወግዝ፣ ቤልያዬቭ ከኃላፊነታቸው ተነሡ። ምርምራቸውን ግን አልተዉም። በ1959 በሳይቤሪያ፣ ኖቮሲቢርስክ የሚገኘው የሳይቶሎጂና የጄኔቲክስ ኢንስቲትዩት ዳይሬክተር ሆኑ። በዚያው ዓመትም ከሉድሚላ ትሩት ጋር ስመ ጥር ያደረጋቸውን ሙከራ ጀመሩ።

ጥያቄያቸው ተኩላ እንዴት ውሻ ሆነ የሚል ነበር። መልሱን ለማግኘት በእርባታ ጣቢያዎች ከሚገኙ ብርማ ቀበሮዎች መካከል ረጋ ያሉትን መረጡ። መመዘኛው አንድ ብቻ ነበር፤ ሰው ሲቀርባቸው አለመሸሽና አለመናከስ። በየትውልዱ ከወንዶቹ ከመቶ 5 የማይበልጡት፣ ከሴቶቹ ከመቶ 20 ያህሉ ብቻ እንዲራቡ ይደረግ ነበር። ቀበሮዎቹ ሥልጠና አልተሰጣቸውም፤ ከሰው ጋር የሚገናኙበት ጊዜም የተወሰነ ነበር። ስለዚህ ለውጥ ቢታይ ከትምህርት ሳይሆን ከዘር የመጣ ይሆናል።

በስድስተኛው ትውልድ ጅራታቸውን እየቆሉ ሰው የሚጠጉና እጅ የሚልሱ ቡችሎች ተወለዱ። በአሥረኛው ትውልድ እንዲህ ያሉት ከመቶ 18፣ በሃያኛው ደግሞ 35 ደረሱ። ማንም ያልመረጠው ለውጥም ተከተለ። አንዳንዶቹ ግንባራቸው ቦቃ፣ ጆሯቸው የተንጠለጠለ፣ ጅራታቸው የተጠቀለለ ሆኖ ተገኘ። በአንጻሩ ቁጡዎቹ ተመርጠው እንዲራቡ ሲደረግ ቁጣው እየበረታ ሄደ፤ የቁጡ እናት ቡችላ በገራም እናት ሥር ቢያድግም ቁጣው አልተወውም።

ቀበሮዎቹ ሙከራው ከመጀመሩ አስቀድሞ ለበርካታ ትውልዶች በእርባታ ጣቢያ የኖሩ ስለነበሩ፣ ጅማሬው ከዱር አውሬ እንዳልሆነ ልብ ይሏል። ይሁንና መረጣ ጠባይን እንደሚለውጥ ሥራው በግልጽ አሳይቷል።

ቤልያዬቭ በ1985 አረፉ፤ ሙከራውን ትሩት ለአሥርት ዓመታት አስቀጠሉት። ለአርቢ የተዉት ትምህርት ግልጽ ነው። ኮርማ ሲመረጥ ቁመናው ብቻ ሳይሆን ጠባዩም ይታይ፤ ጥጃው ከአባቱ የሚወርሰው መልክን ብቻ አይደለምና።